ሁዳዴ በአሳማ አገር

የምኖረው ሜልተን ሞውብሬይ በምትባል የእንግሊዝ የገበያ ከተማ ነው፤ ከሌስተር በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ትርቃለች። ገበያዋ የሚቆመው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1086 ንጉሡ አገሩን ሁሉ ባስቆጠረበት መዝገብ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ከተማዋ ራሷን «የገጠሩ የምግብ መዲና» ብላ ትጠራለች። የሰው ምግብ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የውሻና የድመት ምግብ የሚያመርት ትልቅ ፋብሪካም አላት። እዚህ ድመት እንኳ ጾሟን አታድርም።

ስለዚህ እንግዳ መጥቶ «የት ወጥተን እንብላ?» ሲለኝ አፍሬ አላውቅም ነበር። ጋሼ እስኪመጡ ድረስ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በሕይወታቸው ሰዓት የሚያከብሩት ለጾም ብቻ ነው። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ኬክ ቆርሰው ሲጨርሱ ይደርሳሉ፤ ለቅሶ ቤት ሰልስት ሲያልፍ ይመጣሉ። በሁዳዴ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ አይቀምሱም፤ ዘጠኝ ከሞላ በኋላ ደግሞ አንዲት ደቂቃ አይታገሡም። ትኬታቸውን የቆረጥኩት በርካሽ ስላገኘሁት ነው። ለምን እንደረከሰ ከባሕረ ሐሳብ ጋር አላመሳከርኩም። እ.ኤ.አ. በ2025 በማርች መጀመሪያ፣ ሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንቱን ሲይዝ፣ ሂትሮው ላይ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ተቀበልኳቸው። በሻንጣቸው ውስጥ ሽሮ ነበር፤ እኔ ግን «እዚህ ድረስ መጥተው ሽሮ? ወጥተን ነው የምንበላው» ብዬ ፎከርኩ። አፌን በቆረጠው።

ማክሰኞ ዕለት ከብት ገበያው ወሰድኳቸው። በጉን በየበረቱ ሲያዩ ፊታቸው በራ። ወደ አንዱ ጠጋ ብለው ከኋላው ሊዳብሱ እጃቸውን ሰደዱና ባዶ አገኙት።

«ይሄ በግ ላቱ የታለ?»

«ጠቦት ሳለ ይቆርጡታል ጋሼ።»

«ዋናውን?»

ከዚያ በኋላ የእንግሊዝን በግ ንቀው ተዉት። እኔም እፎይ አልኩ፤ ሽያጩ በጨረታ ስለሆነ እጃቸውን ኪሳቸው እንዲያስገቡ ስለምን ነበር። እሳቸው ለሰላምታ እጃቸውን ባነሱ ቁጥር በግ ቤቴ ሊገባ ነው።

ከገበያው ወደ ኖቲንግሃም ስትሪት ወረድን። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1851 ጀምሮ ከተማዋ የምትኮራበትን ፓይ የሚሸጥ ሱቅ አለ። መስኮቱ ላይ የተደረደረውን አይተው ጋሼ ቆሙ። እኔም እንደ አስጎብኚ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ፦ ሊጡ በሙቅ ውኃና በስብ ይቦካል፤ በእጅ ይቀረጻል፤ ቆርቆሮ ሳይደግፈው ስለሚጋገር ሆዱ ወደ ውጭ ይነፋል፤ ሥጋው ይከተፋል እንጂ አይፈጭም፤ ከበሰለ በኋላ በክዳኑ ቀዳዳ የአጥንቱ መረቅ ይንቆረቆርበትና ይረጋል፤ ከዚያ ቀዝቅዞ ይበላል።

«የምን ሥጋ ነው?»

ይህችን ጥያቄ ነበር ስሸሻት የቆየሁት። «የአሳማ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ስቡስ?»

«የአሳማ።»

«መረቁስ?»

«ጋሼ፣ መስኮቱን ብቻ ነው እኮ የምናየው።»

ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። የአውሮፓ ኅብረት ለፓይው ስም ጥበቃ እንደሰጠው፣ ሌላ ቦታ የተሠራ ፓይ የሜልተንን ስም ይዞ እንደማይሸጥ ስነግራቸው፣ «በእኔ በኩል ስጋት አይግባቸው» አሉኝ።

ግን ሰውየው ነገር ሳያጣሩ አያልፉም። እንዴት አንድ ከተማ በአሳማ ሊታወቅ ቻለ? ነገሩ የሚጀምረው ከአይብ ነው። ይህ አካባቢ ስቲልተን የሚባለው አይብ አገር ነው፤ በሕግ ሊሠራ የሚችለው በሦስት አውራጃዎች ብቻ ነው። (ስሙን ያገኘባት የስቲልተን መንደር ራሷ ከሦስቱ ውጭ ስለሆነች አይቡን በስሟ መሥራት አትችልም። እንዲህ ያለ የወሰን ጉዳይ በእኛ አገር ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።) አይቡ ሲወጣ አጓት ይተርፋል፤ አጓቱን አሳማ ይጠጣዋል፤ አሳማው ይሰባል፤ የሰባው ፓይ ይሆናል። ፓይውን ደግሞ ቀበሮ አዳኝ መኳንንት ኪሳቸው ከተው በፈረስ ይጋልቡ ነበር።

«ቀበሮ ይበላል እንዴ?»

«አይበላም።»

«እንግዲህ የማይበላ እያደኑ የማይበላ ይበላሉ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ «ይሄ ሁሉ ጣጣ በአጓት? እኛስ ለጥጃ ሰጥተን ተገላገልን።»

አይቡን ደግሞ አሳየኋቸው። ሰማያዊ የሻጋታ ሥር በውስጡ ይሄዳል። ዋጋውን አነበብኩላቸው። «ያልሻገተውስ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ቅናሽ የሚገኝ መስሏቸው።

እንዲህ ስንዞር ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። ዋናው ችግር የተገለጠው ያኔ ነው። ያሰብኩት አንድ ደስ የሚል አሮጌ መጠጥ ቤት ነበር፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ እሳት የሚነድበት፣ ሜኑው ላይ ከአንዳንዱ ምግብ ጎን የቅጠል ምልክት ያለበት፤ የጾም ማለት ነው። ገብተን ተቀመጥን። ጋሼ አካባቢውን ቃኙና አስተናጋጅ ስላላዩ እንደ አገራቸው ሁለቴ አጨበጨቡ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጥግ ላይ ቢራ የያዙ ሽማግሌ ምን እንደተከበረ ሳይጠይቁ አብረው አጨበጨቡ።

እዚህ አገር ሰው ራሱ ባንኮኒው ድረስ ሄዶ ነው የሚያዘው። ሄድኩ። ልጅቷ በጣም አዘነችልኝ፦ ወጥ ቤቱ ስምንት ተኩል ላይ ተዘግቷል፤ እንደገና የሚከፈተው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ሁለተኛ ቦታ ሄድን፤ ስምንት ሰዓት ላይ ተዘግቷል። ሦስተኛው ጋ «ምግብ የለም» የሚል ጥቁር ሰሌዳ በሚያምር ጽሕፈት ተጽፎ ቆሟል። እንግሊዞች ምሳቸውን የሚጨርሱት ቤተ ክርስቲያናችን መብላት በምትፈቅድበት ሰዓት ነው፤ እስከ እራት ድረስ አገሩ በሙሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ጋሼ ይህን ሲረዱ አልተቆጡም። እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝቡ አክብሮት አሳዩ።

«እኛ እስከ ዘጠኝ ነው የምንጾመው፤ እነዚህ እስከ አሥራ ሁለት ይዘልቃሉ። ሳይነግሩን ነው እንጂ ጾመኞች ናቸው።»

በዚያ ክፍተት ክፍት የሚሆነው ሻይ ቤት ነው። ሻይ ቤቱ ስኮን የሚባል ትንሽ ዳቦ ቢጤ አለው፤ ስኮኑ ቅቤ፣ ቅቤው ላይ ክሬም። ጋሼ ጥቁር ሻይ ጠጡ። አስተናጋጇ በደግነት ወተት አምጥታ አጠገባቸው አስቀመጠች፤ እሳቸው በጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ እሷ የራቀባቸው መስሏት መልሳ አቀረበችው። አራት ጊዜ ያህል ተመላለሰ።

በማግስቱ በብልሃት ተነሣሁ። ዓሣና ድንች ጥብስ ቤት! ዓሣው እንኳ ቢቀር (ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም የሚለውን ከጋሼ ጋር ማንሣት የሁለት ቀን ጉባኤ ነው) ድንቹ የት ይሄዳል? ተደቅኖ የቀረበው የአተር ድቁስም በርበሬ የረሳ ሽሮ ነው የሚመስለው። ተሰልፈን ደረስን። ከኋላ ሰው ቆሞ እያለ፣ ልቤ ግን አላርፍ አለኝና ባለቤቱን በምን ዘይት እንደሚጠብስ ጠየቅሁት።

ሰውየው ደረቱን ነፋ። ዘይት? እሱ ቤት ዘይት አይገባም! እንደ አባቶቹ በንጹሕ የበሬ ሞራ ነው የሚጠብሰው።

ተረጎምኩላቸው። ጋሼ የወርቅማውን ድንች ክምር ለረጅም ጊዜ አዩት። «ምስኪን» አሉ። «ድንቹን አስገደፉት።»

ሐሙስ ዕለት ወደ አንዱ መጠጥ ቤት በእራት ሰዓት ተመለስን፤ አሁንስ አይዘጋብንም። ልጅቷ መጀመሪያ የሚጎዳን ምግብ እንዳለ ጠየቀች፤ እዚህ ሳይጠየቅ ማንም አይበላም። ተረጎምኩ። «የሚጎዳኝ ረሃብ ነው በላት» አሉ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እንደማይበሉ ነገርኳት። ፊቷ በራ፤ «ቪጋን ናቸዋ!» አለች።

«ቪጋን ማን ነው?»

«ሥጋም የወተት ነገርም የማይበላ ሰው ነው ጋሼ።»

«ለስንት ቀን?»

«ለዕድሜ ልኩ።»

ሹካቸውን አስቀመጡ። «ምን ያህል ቢበድል ነው? የንስሐ አባቱስ ልብ የላቸውም?»

የመጣላቸው በርገር ከባቄላ ተሠርቶ ሥጋ እንዲመስል የተደከመበት ነበር። ቀይ ሥር ጨምረውበት ደም ቢጤ ያወጣል። ጋሼ ቆርሰው ቀዩን ሲያዩ ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። ባቄላ መሆኑን ብምልም አልሆነም። «ባቄላ ከሆነ ለምን ያስመስሉታል? በሁዳዴ ሥጋ አማረኝ ብሎ ማስመሰል ራሱ መግደፍ ነው።» መልስ አልነበረኝም፤ እኔ በርገሩን ጨረስኩት፤ ይጣፍጥ ነበር።

አርብ ጠዋት ልቡናቸው እንዲረጋጋ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳቸው። በመንገዳችን ሄንሪ ስምንተኛ ለአራተኛ ሚስቱ ለአን ኦቭ ክሊቭስ በፍቺ ሰጣት የሚባለውን ጥንታዊ ቤት አየን፤ አሁን መጠጥ ቤት ነው። ጋብቻው እ.ኤ.አ. በ1540 ስድስት ወር ብቻ ነበር የቆየው። «በስድስት ወር ቤት? ደህና ጠበቃ ይዛለች» አሉና አለፉ።

በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ድንጋዩ እንደ በረዶ ነው። አንዲት በጎ ፈቃደኛ እመቤት በካልሲ የቆሙትን ሽማግሌ አይታ በድንጋጤ ወንበር አመጣች፤ ከዚያም ደስ ብሏት ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ታወራ ጀመር። እኔ እየተረጎምኩ ነው። ዕድሜውን፣ መስኮቱን፣ ግንቡን። ከዚያ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ የመላው ብሪታንያ የፓይ ውድድር የሚዳኘው እዚሁ ውስጥ እንደሆነ ነገረችን፤ በመቶ የሚቆጠር ፓይ በጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ።

መተርጎሜን አቆምኩ።

«ምን አለች?»

«ስለ ግንቡ ነው።»

«ፓይ ስትል ሰምቻለሁ።»

ነገርኳቸው። የት? እዚሁ፣ ቅኔ ማኅሌቱ ላይ በሉት። መቼ? በማርች። ማርች ማለት? ሁዳዴ ነዋ። ጋሼ ወደ ጣሪያው አዩ፤ ከዚያ ወደ ወለሉ፣ ፍርፋሪ እንደሚፈልግ ሰው። እመቤቲቱ የተደነቁ መሰላትና ጨመረችበት። እኔም ይህኛውን እየሮጥኩ ተረጎምኩት፤ ነፍሴን ያተረፈው እሱ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የውድድሩን ታላቅ ዋንጫ የወሰደው ሥጋም ቅቤም የሌለበት፣ ስኳር ድንችና ዱባ በካሪ የተሠራ ፓይ ነበር።

ጋሼ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «በአሳማው አገር?»

«በአሳማው አገር።»

«በሁዳዴ?»

«በሁዳዴ።»

«ጾመኛው አሸነፈ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። እመቤቲቱንም በሁለት እጃቸው ጨበጧት።

ያን ቀን ማታ የቀረን አንድ በር ነበር። በእንግሊዝ ከተማ ሁሉ «ሕንድ ቤት» የሚባል አለ፤ ባለቤቶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከባንግላዴሽ፣ ከሲልሄት የመጡ ናቸው። የደረስነው ጀምበር ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ነው። ባለቤቱ ጥግ ላይ ቴምርና ውኃ ፊቱ አድርጎ ሰዓቱን ያያል። ለካ ያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ የተገጣጠሙበት ነው!

ሰውየው ለመነሣት ሲል ጋሼ በእጃቸው ከለከሉት፤ ትርጉም አላስፈለጋቸውም። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጾመኛ ጾመኛን ያውቃል። ሰዓቱ ሲደርስ ሰውየው ቴምሩን መጀመሪያ ለጋሼ ዘረጋ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እንደማይበሉ ልዘረዝር አፌን ስከፍት፣ «ስንት ቀን ነው የእናንተ?» አለኝ።

«ሃምሳ አምስት።»

ፉጨት አወጣና ወደ ወጥ ቤቱ ጮኸ። ዘይት ብቻ ማለቱ እንደሆነ ከዚያ ገባኝ፤ የመጣው ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን ከድንች ጋር ነበር። ጋሼ ሹካውን ወደ ጎን አደረጉ። በቂጣው ጠቅልለው ለሰውየው አጎረሱት፤ እንግሊዞቹ ሁሉ ቀና አሉ። እሱም ሳያንገራግር ጎረሰ።

ሒሳብ ሲመጣ የሆነውን አትጠይቁኝ። አጠገባችን አራት ጓደኛሞች ስልካቸውን አውጥተው ማን ቢራ እንደደገመ እያካፈሉ ነበር። እኔና ጋሼ በአንድ ብር ማስቀመጫ ሳህን ላይ ተናነቅን፤ «በእናቴ ሞት!» «በአባትህ አጥንት!» ሲባል ከአራቱ አንዷ ፖሊስ ይጠራ እንደሆነ ባለቤቱን በዓይኗ ጠየቀችው። ሰውየው ሳህኑን ከሁለታችንም ወሰደና የሒሳቡን ግማሽ ፋቀው። አሁን ደግሞ ሦስት ሆነን መጨቃጨቅ ጀመርን።

ለፋሲካ ደወልኩላቸው። ከጀርባ የሳህንና የዶሮ ወጥ ጫጫታ ይሰማል። እንኳን አደረሰዎት፣ አብሮ ያድርሰን ተባባልን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማቸው ይመስላል፣ «ስማ» አሉኝ፤ «የዘንድሮውን ማን አሸነፈ?»