እርማት፦ የዘገመ ኮምፒውተር ሁሉ ራም አይደለም የጎደለው

«የቢሮው ኮምፒውተር ከዘገመ ራም (ሜሞሪ፣ የተከፈቱ ሥራዎች ለጊዜው የሚቀመጡበት ክፍል) ጨምሩ» የሚለው ምክር ብዙ ድርጅት ያለጥቅም ገንዘብ እንዲያወጣ ያደርጋል። መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ የኮምፒውተሩ ክፍሎች ምን ያህል እንደተጨናነቁ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ሜሞሪው 60 በመቶ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። በ2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው፣ በሳታ ማገናኛ በሚገጠም ፈጣን ዲስክ) ቀይሩት። ኤም.2 (እንደ ቀጭን ካርድ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዋናው ሰሌዳ ላይ የሚሰካ ኤስኤስዲ) በኤንቪኤምኢ (ከሳታ በፈጠነ የግንኙነት ዓይነት) የሚሠራ የምትገዙ ከሆነ ግን ማስገቢያው ኤንቪኤምኢ መቀበሉን አረጋግጡ፤ ሳታ ብቻ የሚቀበል ማስገቢያ አለ። ዳታውን ወደ አዲሱ ከመገልበጣችሁ በፊት የሒሳብ ፋይሎችን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ ያረጀ ዲስክ ግልበጣው መሃል ላይ ሊሞት ይችላል።

ራም የሚጨመረው ሜሞሪው በሥራ ሰዓት ሁሌ ከ85 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። የራም ትውልዶች ይለያያሉ፤ ዲዲአር3 በአዲሱ ዲዲአር4 ቦታ አይገባም።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ፕሮሰሰራቸው (ዋናው የሥራ ቺፕ) ከ8ኛው ትውልድ በታች የሆነ አብዛኞቹ ኢንቴል ኮምፒውተሮች ደግሞ ለዊንዶውስ 11 ብቁ አይደሉም። እነሱ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ።