ሠላሳ ሰዓት በአንድ ማታ

ቴክሳስ ባለን ሐበሾች ቤት፣ ልጅ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ሊቀርብ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው የሚሠራ አንድ የታወቀ ሥራ አለ። አባት ሁለት እስክሪብቶ ይዞ የምግብ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር። ልጅ ስልኩ ላይ ካላንደር ከፍቶ ቀን ይጠራለታል። አባት ልጁ ነድቶ ተለማመደበት የሚባለውን ሠላሳ ሰዓት መዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ «ማክሰኞ፣ አንድ ሰዓት፣ ቀን። ሐሙስ፣ አንድ ሰዓት፣ ማታ።» አቦሉ ተጠጥቶ በረካው ሳይቀዳ ሠላሳው ሰዓት ይሞላል። እስክሪብቶው የሚቀያየረው በአንድ ማታ የተጻፈ እንዳይመስል ነው። ልጁ ባለፉት ወራት መሪ የጨበጠው ባዶ ፓርኪንግ ውስጥና ከቤት እስከ ሱቅ ብቻ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ብቻውን ሃይዌይ ይወጣል።

አገር ቤት 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ መንጃ ፈቃድ ብሎ ነገር የለም። ከሞላውም በኋላ አባቱ ዕድሜውን ሙሉ ሹፌር የነበረ ቢሆን እንኳ «ልጄን እኔ አስተምሬዋለሁ» ብሎ ወረቀት ማቅረብ አይችልም። ማሰልጠኛ ተመዝግቦ፣ ቴዎሪውን ተምሮ፣ ተግባሩን ሰልጥኖ፣ ተፈትኖ ነው። ቴክሳስ ግን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለወላጅ «አንተው አስተምር፣ አንተው መዝግብ፣ አንተው ፈርም» ብላለች። የመንግሥት ሰው መጥቶ አያይህም። እንዲህ ያለ እምነት የተጣለበት ቦታ ላይ ነው እንግዲህ ሁለቱን እስክሪብቶ የምናወጣው። ሳይነዳ መንጃ ፈቃድ ያወጣን ሰው ታሪክ እየተረክን፣ «በእጁ ሄዶ ነው» እያልን ስናማ ያደግን ሰዎች፣ ያንኑ ነገር ያለ ጉቦ በገዛ ልጃችን ላይ እንሠራዋለን።

አሠራሩን በቅጡ የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ ከመጀመሪያው ልነሳ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና በመጀመሪያው እርምጃ ነው። ኦንላይን ኮርስ የሚሸጡት ድርጅቶች ማስታወቂያ ስለሚቀድም፣ ወላጅ ካርዱን አውጥቶ ኮርሱን ይገዛል። ከኮርሱ በፊት ግን የማሰልጠኛ ፈቃድ ሰጪው የግዛቱ መሥሪያ ቤት፣ ቲ.ዲ.ኤል.አር. የሚባለው፣ የወላጅ መመሪያ የሚለውን ጥቅል በ20 ዶላር ማዘዝ ያስፈልጋል። መመሪያው ሳይደርስ የተማረው ሰዓት አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ ነው የተፈቀደለት ኮርስ የሚመረጠው። ትምህርቱን በ14 ዓመት መጀመር ይቻላል፤ ፐርሚቱ፣ ማለትም የመለማመጃ ፈቃዱ፣ ግን 15 ሳይሞላ አይሰጥም።

አስተማሪ የሚሆነውም ማንም አይደለም። ወላጅ፣ የእንጀራ ወላጅ፣ አያት ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ መሆን አለበት፤ መንጃ ፈቃዱም ላለፉት ሦስት ዓመታት ሳይታገድ የቆየ መሆን አለበት። ይህን የማያሟላ ቤተሰብ ዕድሜው ከ25 ያላነሰ፣ ሰባት ዓመት የነዳና ክፍያ የማይቀበል ሰው መወከል ይችላል። አጎት ለዚህ ነው እንጂ ለሌላ ለምን ይፈለጋል!

ኮርሱ ሁለት አካሄድ አለው። አንዱ የክፍል ትምህርቱን በሙሉ ጨርሶ ፐርሚት ማውጣት፣ ሌላው የመጀመሪያውን 6 ሰዓት ጨርሶ ፐርሚቱን ይዞ ንባቡንና መንዳቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። ሁለተኛውን ምረጡ። የመንገድ ምልክት በስክሪን አይቶ በማግስቱ መንገድ ላይ ያገኘው ልጅና ሁሉንም በወረቀት ጨርሶ ከወራት በኋላ መሪ የያዘው አንድ አይደሉም። ደግሞ ፐርሚቱ ከወጣ ቢያንስ 6 ወር ካልቆየ መንጃ ፈቃድ ስለማይሰጥ፣ ቶሎ ያወጣ ቶሎ መቁጠር ይጀምራል። በቀን ከ2 ሰዓት በላይ የክፍል ትምህርት ስለማይያዝም፣ 6 ሰዓቷ ራሷ ቢያንስ ሦስት ቀን ትፈልጋለች። «ዛሬ ማታ ጨርሰህ ነገ እንሄዳለን» የሚል አባት ለዚህ ነው ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚጣላው።

እያንዳንዱ ገጽ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱ ሳያልቅ «ቀጣይ» የሚለው አይሠራም። አልፎ አልፎ ደግሞ ተማሪው ራሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ስለ ራሱ ጥያቄ ይመጣበታል። ልጆቹ ይህን ከኛ ቀድመው አውቀውታል። ላፕቶፑ በአንድ በኩል ቪዲዮውን ያጫውታል፣ ልጁ በሌላ በኩል ስልኩ ላይ ነው፤ ጥያቄዋ ብቅ ስትል ጠቅ አድርጎ ይመለሳል። የምዕራፉን ፈተና መልስ ከኢንተርኔት ያወጣል። አገር ቤት የቴዎሪ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው በቃሉ ሸምድዶ ገብቶ ሀ፣ ሐ፣ መ እያለ የሚያጠቁረውን ሰው የሚያስታውስ ሁሉ ይህ አይገርመውም። የሚገርመው እኛ ወላጆቹ ነን፤ ሳሎን ውስጥ አጠገቡ ተቀምጠን «ቪዲዮው አለቀ?» እንጂ «ምን አለ?» አንልም። በየቀኑ አሥር ደቂቃ ወስዶ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፤ ቢጫ መስመሩ ድፍን ሲሆን ምንድነው? ቀይ መብራት ላይ ወደ ቀኝ መታጠፍ መቼ ይቻላል? የአምቡላንስ መብራት ከኋላ ቢመጣ? ካልመለሰ ገጹን መልሶ ያንብብ።

ለፐርሚቱ መንጃ ፈቃድ ሰጪው የግዛቱ መሥሪያ ቤት፣ ዲፒኤስ፣ ሲኬድ የሚያስመልሰው ብዙ ጊዜ ፈተናው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። የጽሑፍ ፈተናው 30 ጥያቄ ነው፣ 21 መመለስ ይበቃል፤ በኮርሱ በኩል መፈተንም ይቻላል። ከኮርሱ የሚወጣው ዲኢ-964 የሚባል የምስክር ወረቀት፣ የዜግነት ወይም የሕጋዊ ነዋሪነት ማስረጃ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የቴክሳስ ነዋሪ ለመሆኑ ማስረጃ፣ 16 ዶላርና ወላጅ ራሱ ያስፈልጋሉ። የሚረሳው ግን ከትምህርት ቤት የሚወጣው ቪ.ኦ.ኢ. የተባለ የትምህርት ማረጋገጫ ነው። ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት የሚያገለግለው 30 ቀን ብቻ ነው። ወላጅ «አንድ ነገር ልቀድም» ብሎ በመስከረም ያወጣዋል፣ የዲፒኤስ ቀጠሮ በኅዳር ይደርሰዋል፣ መስኮቱ ላይ «ጊዜው አልፎበታል» ይባላል። መጀመሪያ ቀጠሮ፣ ከዚያ ቪ.ኦ.ኢ.። ክረምት ላይ ለማውጣት ያሰበ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ይጠይቅ። ብዙ ክፍል የቀረ ልጅ ቅጹን ሊከለከል እንደሚችልም አስቀድሞ ይወቀው።

አሁን ወደ ተነሳሁበት ልመለስ፤ መንዳቱ። በጠቅላላ 44 ሰዓት ነው። 7 ሰዓት አስተማሪው ወላጅ አጠገቡ ሆኖ የሚያስተምርበት፣ 7 ሰዓት ልጁ ተቀምጦ ሌላ ሰው ሲነዳ የሚያይበት፣ 30 ሰዓት ዕድሜው 21 የሞላው መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከጎኑ ሆኖ የሚለማመድበት። ከሠላሳው 10ሩ ሌሊት ወይም ማታ ነው። በአንድ ቀን የሚቆጠረውም አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ሂዩስተን ድረስ ቢነዳም የሚመዘገበው አንድ ነው። እንግዲህ ቁጭ ብሎ ማስላት ነው፤ ቢያንስ ሠላሳ የተለያየ ቀን። በአንድ ማታ የሚሞላው መዝገብ ውሸት መሆኑን ፈታኙ ባያውቅ ሒሳቡ ያውቀዋል።

7ቱን የማየት ሰዓት ደግሞ የሚያስበው የለም። አገር ቤት የማሰልጠኛ ሜዳ ጥላ ሥር ተራ የሚጠብቅ ሰው ሳይፈልግ ያገኘው ነገር ነበር፤ ፊት ያለው ሰልጣኝ ስምንት ቁጥሩ ላይ ምልክቱን ሲገጭ፣ ዳገት ላይ ሲጠፋበት፣ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ሲለቅ እያየ ይማራል። እዚህ ልጁ የኋላ ወንበር ላይ ጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ ይቀመጥና «አይቷል» ይባላል። ፊት ይቀመጥ። እናንተ እየነዳችሁ ተናገሩ፤ «አሁን ስፖኪዮ አየሁ፣ ፍሬቻ አሳየሁ፣ ጎኔን ዞሬ አየሁ፣ ገባሁ።» ከዚያ እሱ ይናገር፣ እናንተ ንዱ።

አንድ ነገር ላይ ግን የአገር ቤት ሥልጠና ይመስገን፤ ኋላ ማርሽ። ኮን ተተክሎ ፓርኪንግ ስንፈተን የኖርን ሰዎች ልጆቻችንን ጎን ለጎን ማቆም ስናስተምር ፈረንጁ ይቀናል። የቴክሳስ የመንዳት ፈተናም እሷን ይጠይቃል። ችግሩ ሌላው ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ መንገድ በድርድር ነው የሚታለፈው፤ አፍንጫን ገባ ማድረግ፣ በክላክስ ማስጠንቀቅ፣ በመብራት «ቆይ» ወይም «እለፍ» ማለት። ይህን ይዞ የመጣ አባት አራቱም በኩል ስቶፕ ባለበት መስቀለኛ ላይ ልጁን «እለፍ፣ እለፍ፣ ዘገየህ!» ይለዋል። ሕጉ ግን ጎማው ሙሉ በሙሉ ይቁም ይላል፤ መጀመሪያ የቆመ መጀመሪያ ይሄዳል፤ እኩል ከቆሙ በቀኝ ያለው ይቀድማል። ሳይቆም እየተንሸራተተ የሚያልፍ ልጅ ፈተናው ላይ ነጥብ ይረግፍበታል፤ ከ30 በላይ ከጎደለበት ወድቋል። የሚንሸራተተው ደግሞ ከአባቱ ተምሮ ነው።

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቀይ መብራቱን ሲያበራ ከኋላ ያለውም ከፊት ለፊት የሚመጣውም ይቆማል። መንገዱ መካከል አጥር ወይም ሜዳ ከሌለ በቀር፣ በመካከሉ የግራ መታጠፊያ መስመር መኖሩ ብቻ ከመቆም አያድንም። ብዙ አዋቂ ሐበሻ እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ ቅጣቱም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ሃይዌዩን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ፣ ሂዩስተን ፊደር ዳላስ ሰርቪስ ሮድ የሚሉት፣ የራሱ ሕግ አለው፤ ከሃይዌይ ለሚወርደውም ወደ ሃይዌይ ለሚወጣውም የሚለቀው ሰርቪስ ሮድ ላይ ያለው ነው። ወደ ሃይዌይ ሲገባ ደግሞ መወጣጫው ጫፍ ላይ ደርሶ ፍሬን መያዝ ትልቁ አደጋ ነው። 70 ማይል የሚበር መኪና መካከል በ35 የሚገባ ሰው ከኋላ ያለውን ጭምር ይዞ ይሄዳል። ነዳጁን መርገጥ ያለበት መወጣጫው ላይ ነው፣ እዚያው ሳለ ስፖኪዮና ትከሻ አይቶ። ይህን ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ማንም አይማረውም። እሁድ ጠዋት፣ መንገዱ ቀለል ሲል፣ አንድ መግቢያና አንድ መውጫ ደጋግሞ መመላለስ ነው። ፈተናው ላይ ሃይዌይ ብዙ ጊዜ ስለሌለ «ላይሰንስ አውጥቷል» ማለት ይህን ችሏል ማለት አይሆንም።

የማታው 10 ሰዓት ከባድ ነው የሚል ሁሉ ታኅሣሥን ያስብ። ዳላስ ላይ በፈረንጅ ዲሴምበር ፀሐይ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትገባለች። ማታ ፈረቃ የምትገባ እናት ቤት ያለ ልጅ እናቱን ሥራ አድርሶ አባቱ ከጎኑ ሆኖ ሲመለስ፣ አንድ ሰዓቷ ሞላች። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢደረግ ከአምስት ሳምንት በኋላ አለቀ። ያኔውኑ መኪናው ውስጥ መጻፍ ነው፤ በአንድ እስክሪብቶ።

«18 ይሙላውና 6 ሰዓት ተምሮ ያውጣ» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ከ18 እስከ 24 ላለ ሰው የሚጠየቀው የ6 ሰዓት የአዋቂ ኮርስ ነው፤ 44ቱ ሰዓት የለም፣ መዝገቡ የለም፣ 6 ወር መቆየት የለም። ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሁለት ወር የቀረው ልጅ ማታ ነድቶ ሳያውቅ ቁልፍ ይዞ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ገንዘብ የተረፈ መስሎን ነው፤ ኢንሹራንሱ እንደሆነ ያን ጊዜም ይጨምራል።

ፐርሚቱ 6 ወር ከሞላው በኋላ ለመንዳት ፈተናው ከመቅረቡ በፊት ልጁ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ነፃ ቪዲዮ ያያል፤ ምስክር ወረቀቱ የሚሠራው 90 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ቀጠሮው ሳይያዝ ማየት ሥራ መድገም ነው። አልፎ ከወጣ ደግሞ ለ12 ወር፣ 18 ካልሞላው፣ ከቤተሰቡ ውጭ ከ21 ዓመት በታች የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው መጫን የሚችለው፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ 11 ሰዓት ንጋት ያለ ሥራ፣ ያለ ትምህርት ቤት ጉዳይና ያለ ድንገተኛ ችግር መንዳት የለም፤ ስልክ መንካትም 18 እስኪሞላው ክልክል ነው። ልጆቹ ይህን ከኮርሱ ያውቁታል። ሰርግ ቤት፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጭፈራው መሃል ቁልፉን እየወረወርን «አንተ ላይሰንስ አለህ አይደል፣ እነዚህን አራቱን አድርሳቸውና ና» የምንለው እኛው ነን።