ብርጭቆ ወረቀቱን ለጊዜው አስቀምጡት

አሮጌ የእንጨት ጠረጴዛ ላድስ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ብርጭቆ ወረቀት ነው። እኔ ግን መጨረሻ መነሳት ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ። ብዙ ጊዜ ጭራሽ ባይነሳም ይሻላል።

ይህን የምለው አንድ ጥሩ ጠረጴዛ በገዛ እጄ አበላሽቼ ነው። መፈቅፈቂያ ማሽን ተዋስኩና 80 ቁጥር ወረቀት ገጠምኩበት። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወረቀቱ ሻካራ ነው፤ እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። አሮጌው ቫርኒሽ እየተነሳ ንጹህ እንጨት ብቅ ሲል እንዴት ደስ አለኝ! ከዚያ ጠርዙ አካባቢ ገርጣ ያለ ነገር ታየኝ። ቆሻሻ መስሎኝ ይበልጥ ተጫንኩት። ለካ የላዩን እንጨት በስቼ ከስሩ ያለው ተራ ጣውላ ላይ ደርሻለሁ። ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ጠረጴዛዎች ከላይ እንደሚታዩት አንድ ወጥ እንጨት አይደሉም። ውዱ እንጨት በስሱ ይሰነጠቅና በርካሹ ላይ በኮላ ይለበጣል። ይህ ልባጥ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። ስለዚህ መጀመሪያ ጎንበስ ብላችሁ ጠርዙን እዩ። ከላይ ያለው የእንጨቱ መስመር ወደ ጠርዙ ዞሮ ካልቀጠለ ጠርጥሩ።

ታዲያ በምን ይጀመር? በእጥበት። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ። ወዲያው ደግሞ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ። ሁለተኛውን ጠረጴዛዬን ሳጥብ ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ያረጀ ቫርኒሽ ነው ያልኩት ነገር ግማሹ የእጅ ወዝና አቧራ ነበር። ትኩስ ብርጭቆ የተወው ነጭ ክብም ቢሆን አያስደንግጣችሁ። ነጭ ከሆነ እርጥበቱ ያለው ቫርኒሹ ውስጥ እንጂ እንጨቱ ውስጥ አይደለም። ጥቁር ከሆነ ግን እንጨቱ ድረስ ዘልቋል፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ከውበቱ ይልቅ ልፋታችሁን ለመገጣጠሚያዎቹ ስጡ። የሚወዛወዝ እግር ሲያዩ ምስማር የሚመቱ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ተዉ! ምስማሩ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፣ ቀጥሎ የሚጠግነውን ሰውም ያስለቅሳል። ትክክለኛው መንገድ እግሩን ነቅሎ አሮጌውን ኮላ ፍቆ ማውጣት ነው። ነጩ የእንጨት ኮላ የሚይዘው እንጨት ነው፤ የደረቀ ኮላ ላይ አይጣበቅም። በአዲስ ኮላ መልሳችሁ ስትገጥሙት አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ ከሌላችሁ እግሮቹን ዙሪያውን በገመድ እሰሩና ገመዱ መሃል ዱላ አስገብታችሁ አጠማዝዙት። ከዚያ 24 ሰዓት አትንኩት።

አልከፈት ያለ መሳቢያም ቢሆን መላጊያ አያስፈልገውም። የሚንሸራተትበትን ጠርዝ በሻማ አሹት። የእኔው በሁለት እጅ ሲጎተት ይንቋቋ ነበር፤ አሁን በአንድ ጣት ይመጣል። ደግሞ እንጨት በእርጥበት ወቅት ያብጣል። ያኔ ከላጋችሁት ሲደርቅ ይላላባችኋል።

ሁለት ነገር ግን አታቃሉ። ድሮ የተቀባ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ ለቤት ዕቃና ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ ፍቆ ማቡነን ራስን መመረዝ ነው። ሁለተኛው የተልባ ዘይት ነው። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

«ነጭ ቀለም ቀብተህ አትገላገልም?» የሚለኝ አይጠፋም። ቺፑድ ከሆነ ይቀባ፣ ምን ቸገረኝ። እኔ ግን የሁለተኛው ጠረጴዛ የቀለም ጠብታ እንኳን እንዳለ ትቼዋለሁ። የታችኛውን መሳቢያ ገልብጬ ሳጸዳ ደግሞ ስሩ ላይ በልጅ እጅ የተጻፈ የማባዛት ሒሳብ አገኘሁ። 7 ሲባዛ በ8፣ 54 ይላል። ጨርቄን መለስኩና መሳቢያውን ወደ ቦታው አስገባሁት።