ካርቶን ላይ አቁሞ ስለ ምክር ቤት አስተማረኝ

አሁን ገና ቤት ገባሁ። ሱሪዬን እንኳ አልቀየርኩም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ያ ቱቦ ነው። አዎ፣ ያው ቱቦ። ቤቴ የመጣችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፣ ግማሾቻችሁማ ገብታችሁበታል። መዋጮ ከፍለን ተቆፈረ፣ ክዳኑ "በሚቀጥለው በጀት" ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሐምሌ 1 አለፈ። ትናንት ማታ በዚያ ዝናብ ጎረቤታችን እትዬ ከነአገልግላቸው ገቡበት። እሳቸው ተርፈዋል። ዶሮ ወጡ ግን እስካሁን ሐይቅ ሳይደርስ አይቀርም። የሀዋሳ ዓሣ ጾም ይይዝ እንደሆነ እንጃ።

እና ዛሬ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጋ አይደለም፣ እሱንማ ሦስት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። የቀበሌው ምክር ቤት! ተምሬያለሁ ብዬ እኮ ነው። ምክር ቤት በጀት ያጸድቃል፣ ሹመት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ጠርቶ ሪፖርት ይሰማል፣ ያፋጥጣል። ስለዚህ የወከለኝን ሰው ፈልጌ ጽሕፈት ቤቱን ልክሰስ አልኩ። "ተወካያችሁ ቢሮ ቁጥር 4 ነው" ተባልኩ።

በሩን ስከፍት ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ራሱ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ!

ገና ሰላም ሳልል ጸሐፊዋ "ቆይ ቆይ፣ ምንጣፉን!" ብላ ጮኸች። ጫማዬ ጭቃ ነው። የዚያው ቱቦ ጭቃ። የብስኩት ካርቶን ዘርግታ "እዚህ ላይ ቁም" አለችኝ። ቆምኩ። አርባ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ፣ የልጆች አባት፣ ካርቶን ላይ።

"ጋሼ፣ የመጣሁት የምክር ቤት አባላችንን ፈልጌ ነበር።"

"ነኝ።"

"እርስዎ ኃላፊው አይደሉም እንዴ?"

"እሱንም ነኝ።"

"ታዲያ አቤቱታዬን ለማን ያቀርቡልኛል?"

"ጉባኤ ሲደርስ፣ ለሚመለከተው አካል።"

"የሚመለከተው ማነው?"

"የኛ ጽሕፈት ቤት።"

"መልስ የሚሰጠውስ?"

ትንሽ አሰበ። "እኔው መሰለኝ" አለ። መሰለኝ!

ከዚያ ተናደደ። እሱ ነው የተናደደው! "ለመሆኑ ምክር ቤት ምን እንደሆነ ታውቃለህ ወንድሜ? ምክር ቤት ይቆጣጠራል እንጂ አካፋ ይዞ አይወጣም" አለኝ። ቀጥሎ ፈገግ ብሎ፣ "ግን እኔን መርጠኸኛል?" ጸሐፊዋም ሳቀች።

"ድምፅ ምስጢር ነው፣ ምን አገባህ!" ማለት ነበረብኝ። ይኼ የመጣልኝ ባጃጅ ውስጥ ነው። እዚያ ያልኩት ምን መሰላችሁ? "አዎ ጋሼ።"

ሰውዬውን ልምረጠው አልምረጠው በምን አስታውሳለሁ? ለቀበሌ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠሁት ሚያዝያ 2005 ነው። አምስት ዓመቱ አልቆ በ2010 እንደገና ትመርጣላችሁ ሲባል ተራዘመ። በ2013 ስሰለፍ የተሰጠኝ ወረቀት የክልልና የፌዴራል ነው። በ2005 ጨቅላ የነበረችው ልጄ ዛሬ የእናቷን ጫማ ትለብሳለች። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ደግሞ እምነት ያጣንበትን ተወካይ ማንሳት እንችላለን ይላል። ማንሳት! እኔ እግሬን ከካርቶኑ ማንሳት አልቻልኩም።

ጉባኤያቸውንም አውቀዋለሁ፣ አንዴ በተጋባዥነት ገብቻለሁ። ሪፖርቱ ሁለት ሰዓት ተነበበ። አንዲት አባል ስለ ውሃ ልትጠይቅ ብትነሳ "ጊዜ ስላጠረን በጽሑፍ ይቅረብልን" ተባለች። የሚቃወም? የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። አንዱ እንቅልፍ ወስዶት አጠገቡ ያለው በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን አወጣ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ምሳው ግን ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም።

ውሃ ስል ትዝ አለኝ፣ በሳምንት አንድ ሌሊት ነው የሚመጣልን፣ ለቱቦው ግን በየቀኑ አለ። መታወቂያ ላሳድስ ስሄድ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ "ሲስተም የለም"። የመዋጮ ቀን ግን ሲስተም ጠፍቶ አያውቅም። ቤት ለቤት ይመጣል፣ ደረሰኙን ይዞ።

ተውት፣ ደከመኝ። ስወጣ ካርቶኑ ጫማዬ ላይ ተጣብቆ እስከ ኮሪደሩ ተከተለኝ። ጥበቃው አይቶ አንገቱን ደፋ። እሱ እንኳ አዘነልኝ።

ባጃጅ ያዝኩ። ዝናብ ነዋ፣ ሒሳቡ እጥፍ። ሰፈራችን ስንደርስ ልጁ አቆመና ወደ ኋላ ዞሮ "ቱቦው ጋ ወራጅ አለ?" አለ። ለካ ፌርማታ ሆኗል። ሦስት ሰው ወረደ።