ቁልፉን ከመመለሳችሁ በፊት
ከባንክ ሳይሆን ከራሱ ከሻጩ ተበድሮ ቤት የገዛ ሰው ክፍያ ካቋረጠ «አለቀለት፣ ቤቱን ያጣል» የሚባለው በቴክሳስ ሁልጊዜ አይሠራም። ሂውስተን ያለ ዘመዴ አምስት ዓመት ከፍሎ ሁለት ወር ቢያሳልፍ፣ ሻጩ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ በሳምንት ልቀቅ አለው። ምስኪን፣ ድስቱን ሁሉ ካርቶን ውስጥ መክተት ጀምሮ ነበር! የፈረመው ታይትሉ (የባለቤትነት መብቱ) ክፍያው እስኪያልቅ በሻጩ ስም የሚቆይበት ውል ነው። በእንዲህ ዓይነት ውል ለመኖሪያ የገዛ ሰው የዋጋውን 40 በመቶ ወይም 48 ወርሃዊ ክፍያ ከከፈለ፣ ወይም ውሉ ካውንቲ (የአካባቢው አስተዳደር ቢሮ) ከተመዘገበ፣ እንደ ተከራይ አይባረርም፤ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ውዝፉን የሚከፍልበት 60 ቀን አለው፣ ካልቻለም ቤቱ በጨረታ ይሸጣል እንጂ ሻጩ ዝም ብሎ አይወስደውም፣ ከዕዳው የተረፈው ገንዘብም የገዢው ነው። ደረሰኝ ግን ያዙ። የእኛ ሰው በካሽ ከፍሎ «ኧረ የአገሬ ልጅ ነው» ይላል፣ በኋላ 48ቱን ወር በምን ሊያስረዳ?