እርማት፦ ስለ ሪችመንዱ የኤሌክትሪክ ትራም

በ1888 በአሜሪካ በቨርጂኒያዋ ሪችመንድ ከተማ ሥራ የጀመረው የዩኒየን ፓሴንጀር ሬይልዌይ ኩባንያ ትራም በዓለም የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ትራም እንደሆነ በርካታ ሰዎች ደጋግመው ጽፈዋል፤ ከአክብሮት ጋር፣ ይህ ትክክል አይደለም። ለማረጋገጥ ዓመታቱን ማስተያየት ይበቃል፦ የጀርመኑ ኩባንያ የሲመንስ ትራም ያኔ በርሊን አጠገብ በነበረችው ሊክተርፌልደ መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው በ1881 ነው (ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ያ ትራም ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከሚሽከረከርበት ሐዲድ ነበር። የሪችመንዱ መሐንዲስ ፍራንክ ስፕራግ ግን ኃይሉን በላይ ከተዘረጋ ሽቦ፣ በፉርጎው ጣሪያ ላይ በቆመ ዘንግ አማካይነት እየሳበ፣ በርካታ ፉርጎዎችን በአንድ ጊዜ በከተማዋ ዳገቶች ላይ አስኬደ። «የመጀመሪያው» ብለን ስናልፍ የሚድበሰበሰው ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሌሎች ከተሞች የትራም ፈረሶቻቸውን አሰናብተው ወደ ኤሌክትሪክ እንዲዞሩ ያሳመናቸው እሱ ነበርና።