«መኪናህን ቤት ተው» ያለኝ ይፈለጋል!

ዛሬ ሥራ የገባሁት 50 ደቂቃ አርፍጄ ነው። ጥፋተኛው ፖስተር ነው። «ለምድራችን እናስብ፣ ዛሬ መኪናችንን ቤት እንተው» ይላል። እኔ ሞኙ አምኜ ተውኳታ!

መጀመሪያ በእግሬ ልሞክረው አልኩ። የእግረኛው መንገድ ትንሽ ሄደና አለቀ። በቃ አለቀ። ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደገና ሲጀምር ደግሞ መኪና ቆሞበታል። አስፋልት ስገባ ከኋላዬ ክላክስ፣ ቀጥሎም ስድብ። እሺ፣ አውቶቡስ ልያዝ። አንዱ ሞልቶ አለፈ። ሁለተኛውም ሞልቶ አለፈ። ሦስተኛው ላይ እንደምንም ተንጠለጠልኩ። ምን ዋጋ አለው! ስልሳ ሰው ይዞ፣ አንድ አንድ ሰው ከያዙ መኪኖች ኋላ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። እዚያ ቆሜ ሳስበው ደሜ ፈላ።

ስለዚህ ነገ መኪናዬን ይዤ ነው የምወጣው። ጠግቤ እንዳይመስላችሁ። 70 ኪሎ ሰውነቴን ለማድረስ ከአንድ ቶን በላይ ብረት መጎተት ቂልነት እንደሆነ አውቃለሁ። ከደረስኩ በኋላ ብረቱ ተገትሮ ነው የሚውለው። የግል መኪና ከዕድሜው 95 በመቶ ያህሉን ቆሞ ነው የሚጨርሰው። ግን ሌላ መንገድ ለሌለው ሰው ስብከት ምን ያደርግለታል?

«የካርቦን አሻራህን ቀንስ» (ማለትም በኑሮህ ምክንያት ወደ አየር የሚለቀቀውን ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ቀንስ) የሚለውን አባባል ዓለም ላይ ካስፋፉት ዋናው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቢፒ። አዎ፣ የነዳጅ ኩባንያው! እ.ኤ.አ. በ2004 እያንዳንዱ ሰው የራሱን አሻራ የሚያሰላበት ካልኩሌተር አወጣ። ቤንዚኑን ሸጦልን ሲያበቃ ንስሐውን ለእኛ ተወልን። (ብልጠቱን ግን አደንቃለሁ።)

«ኤሌክትሪክ መኪና ግዛ» የምትሉኝ፣ ጭስ የለውም፣ ጥሩ ነው። መንገድ ላይ የሚይዘው ቦታ ግን ያው ነው። አውቶቡሱ አሁንም ከኋላው ተገትሯል። «መንገዱ ይስፋ» የምትሉ ደግሞ የአሜሪካዋን ከተማ ሂዩስተንን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2008 አንዱን አውራ ጎዳና አስፍተው ጨረሱት። አንዳንድ ቦታ ላይ የዳር መንገዶቹን ጨምሮ 26 መስመር! ጥቂት ዓመት ሳይቆይ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ጉዞው ይባስ ረዘመ። ለመኪና በሩን ከፈትክለት፣ መኪናው መጣ።

ታዲያ ምን ይሁን? የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ያደረገችውን ስሙ። መጀመሪያ አውቶቡስ ጨመረች። ይሄን አስምሩበት፣ መጀመሪያ! ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ ወደ መሀል ከተማ የሚገባና የሚወጣ መኪና ላይ ክፍያ ጣለች፣ ለሙከራ። ሰዉ አኩርፎ ነበር። ትራፊኩ ግን 20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሙከራው ሲያበቃ መኪናው ተመልሶ ግር አለ። ያን ጊዜ የከተማዋ ሰው ድምፅ ሰጥቶ «ክፍያው እንደገና ይጀመር» አለ። በዓመቱ ቋሚ ሆነ። ያው ሰው፣ ያው ከተማ። ማንም ፖስተር አንብቦ አልተለወጠም።

ሆላንዶችም ብስክሌት ላይ አልተወለዱም። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ አልቆባቸዋል፣ ብዙ ሕፃናትም ነበሩበት። ወላጆች አደባባይ ወጥተው ጮኹ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓለም ላይ ነዳጅ የተወደደበት ቀውስ ሲጨመርበት መንግሥት የብስክሌት መንገድ ወደ መሥራቱ ገባ። መንገዱ ሲኖር ብስክሌቱ መጣ።

ለመሆኑ ያን ፖስተር የለጠፈው ማን ነው? የራሴው መሥሪያ ቤት! ለሠራተኛው ነፃ የመኪና ማቆሚያ አለው። የአውቶቡስ አበል የለውም። ብስክሌት የሚታሰርበት አንድ ብረት እንኳ የለውም። ፖስተሩ የተለጠፈው ደግሞ እዚያው ፓርኪንጉ ግድግዳ ላይ ነው።